ለሴቶች የተለየው ስፍራና የእኛ አንደበት

የተወደዳችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

ከጉባኤ በኋላ ወጣቶቹ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ወንድ ሆኖ ተወልዶ "ሴት ነኝ" የሚል ሰው፣ ትራንስጀንደር ከሚባሉት አንዱ፣ ከሴቶች ጋር ይወዳደር ወይ? የሴቶች መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያስ ይግባ? "የፈረንጅ ጣጣ ነው" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ወሬው ከለንደን ተነስቶ ፒያሳ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

መልሴን ላስቀድም። ለሴቶች የተለየ ስፍራ መኖሩ ተገቢ ነው። እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የወንዱና የሴቷ መቆሚያ ለየብቻ ነው። ይህን ጥላቻ ያለው የለም። ስፖርቱም እንዲሁ። ወንድ ሲጎረምስ ቁመቱ ይረዝማል፣ አጥንቱና ጡንቻው ይጠነክራል። በኋላ ሆርሞኑ በመድኃኒት ቢቀንስም ያ ሁሉ አይመለስም። ስለዚህ የአትሌቲክሱ የበላይ አካል የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2023 በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደሮች በሴቶች ዘርፍ እንዳይወዳደሩ ከለከለ። ሐዋርያውም "እንደሚገባ አድርጎ ባይታገል የድሉን አክሊል አያገኝም" ይላል (2ኛ ጢሞ. 2፥5)። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 በእኩልነት ሕጉ "ሴት" የሚለው በተፈጥሮ ሴት የሆነችውን ነው ብሎ ወስኗል። እዚያው ፍርድ ላይ ግን ትራንስጀንደሮችን ከመድልዎ የሚጠብቀው ሕግ እንደጸና ነው ብሏል። ይህችን ሁለተኛዋን ብዙዎቻችን አልሰማናትም፤ ወይ ሰምተን ዘለልናት።

እኔን የሚያስፈራኝ አንደበታችን ነው። በፓሪስ ኦሎምፒክ ስለ አልጄሪያዊቷ ቦክሰኛ ኢማን ከሊፍ "ወንድ ሴት ደበደበ" የሚል ጽሑፍ ስንቶቻችን ሼር አደረግን? ሴት ተብላ የተመዘገበች፣ ሴት ሆና ያደገች ናት። ትራንስጀንደር ነኝ ብላም አታውቅም። ስለ ዘረ መሏ የሚነሳው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው። "በሐሰት አትመስክር" የሚለው ትእዛዝ ሼር ስናደርግ አይነሳልንም።

ደግሞ ሩቅ አንሂድ። ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሯጭ ልጅ በሰፈር ስታልፍ "ይሄ ወንድ ነው ሴት?" ብለው የሚስቁ አሉ። ልጅቷ የሹራቧን ኮፍያ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ፍጥነቷን ትጨምራለች። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና በሴቶች ዘርፍ የምትወዳደር ሁሉ፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ አንዴ ጾታዋን የሚያጣራ የዘረ መል ምርመራ ታደርጋለች። ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ ወይም ከደም ይወሰዳል። መንገድ ዳር የቆመ መርማሪ ግን ማንም አልሾመም።

በገዛ ሰውነቱ የሚጨነቅ ልጅ ከመካከላችን ቢኖርስ? ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ኦሪት ይከለክል ነበር (ዘዳ. 23፥1)። ፊልጶስ ግን የእኛን አገር ጃንደረባ ሲያገኘው ሰረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ተረጎመለት፤ አጠመቀው (ሐዋ. 8)። ሁለቱ ነገር አንድ ነው አልልም፤ አይደለምም። የፊልጶስን አካሄድ ግን ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄደው ስንስቅ ካልሰማን ነው።

ስለ ሴቶች ስፍራ ከልባችን የምንቆረቆር ከሆነ ደግሞ ሥራው እዚህ አለ። ልጆቻችን የሚማሩባቸውን የሴቶች መጸዳጃዎች ሄዳችሁ እዩ። መቀርቀሪያ የሌለው ሞልቷል፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን በእግሯ ደግፋ ትቆማለች። ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ሺፍት አምሽተው በጨለማ ወደ ኪራይ ቤታቸው የሚሄዱትን እኅቶችም አስቡ፤ የሚለክፏቸው የእኛው ወንዶች ናቸው። በሚቀጥለው ጉባኤ ከመዝሙሩ በፊት ስለ መቀርቀሪያውና እነዚህን እኅቶች ማታ ስለሚሸኙት እንነጋገር። አናጢ የሆናችሁ ወንድሞች ቀድማችሁ ኑ።