«ደረሰኝ» ሁሉ ደረሰኝ አይደለም

ጎንደር ውስጥ የአንድ አነስተኛ ሆቴል ሂሳብ እይዛለሁ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር፣ ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ፣ ስለ ክፍያ የማይሆን ነገር ስሰማ እሰነብታለሁ።

«ሜሴጁ ደረሰኝ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ሜሴጅ ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። የባንክ አስመስሎ የሚልክ አጭበርባሪም አለ። ስክሪንሾትማ ማንም ቁጥሩን ቀይሮ ያሳያችኋል። ሻጭ ከሆናችሁ የከፋዩን ስልክ ትታችሁ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ።

«ኔትወርክ ተቋርጧል፤ አልተከፈለም፤ ድገመው።»

ገንዘብ ሁለቴ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ የከተራ ማታ የእንግዳ ካርድ ፖስ ማሽኑ ላይ ሞከርን፤ መልስ ሳይመጣ ቀረ። ደገምነው፤ አለፈ። በኋላ ሲታይ ሁለቱም ተቆርጠዋል። የሰረቀ የለም፤ የእንግዳው ባንክ ብሩን ቀንሶ ሳለ ማረጋገጫው ወደ ማሽኑ ሳይመለስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ሂሳብ ሲቀንስም ነገሩ ያው ነው። ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም፣ አቤቱታው ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ያቺ «አልተሳካም» የምትል ቁራጭ ወረቀት ዋና ማስረጃ ናት፤ እኛ ግን ጨምድደን የምንጥለው እሷኑ ነው።

«በዚያን ቀን ምንም አላወጣሁም!»

ከመጮህ በፊት ቀኑን መንዝሩ። የባንክ ስቴትመንት (የሂሳባችሁ ገቢና ወጪ ዝርዝር) በአብዛኛው የሚወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11፣ እዚያ ላይ ጃንዩወሪ 19 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 20። ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ተብሎ ይጻፋል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የከፈላችሁት ደግሞ የማግስቱን ቀን ይዞ ይመጣል፤ ለእናንተ ግን ሌሊቱ ገና አልነጋም።

«ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።»

ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በቀለም አልተጻፈም፤ በሙቀት የጠቆረ ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዙታል። የዚያኑ ቀን ፎቶ አንሱት።

«ያለ ደረሰኝ ይረክሳል።»

ቫት 15 በመቶ ነውና በ1,000 ብር ዕቃ 150 ብር ይተርፋችሁ ይሆናል። ፍሪጁ በሳምንቱ ሲቆም ግን «ከእኔ መቼ ገዛህ?» የሚል ሻጭ ፊት ምን ይዛችሁ ትቆማላችሁ?

«ባንክ ተሳስቶ ከሰጠኝ ዕድሌ ነው።»

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣ አደረ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ በኋላ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አወጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2162ም በሌላ ሰው ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው እንዲመልስ ያዛል። የላኪ ስህተትም ያው ነው። አንድ እንግዳችን አንዲት ዜሮ ጨምሮ ልኮልን ነበር። ማታ ሂሳብ ሳመሳክር አየሁትና ደወልኩለት፤ እሱ ገና አላወቀም ነበር።