ፎከስ ምንድን ነው? ብዥ ያለ ፎቶ ሁሉ «ፎከሱ ሄዷል» አይባልም

ብዥ ያለ ፎቶ በታየ ቁጥር «ፎከሱ ሄዷል» የሚል ፍርድ ይከተላል። ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል፦ «ሌንስ ቀይር»። ከእነዚህ ፎቶዎች ብዙዎቹ ግን ፎከሳቸው በትክክል ያረፈ ነው። ያበላሻቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሌላ ነገር ደግሞ አዲስ ሌንስ ላይም ተከትሏችሁ ይመጣል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ይህን ማወቅ ያሳዝናል።

ፎከስ የርቀት ጉዳይ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሌንሱ ከፊቱ በሆነ ርቀት ላይ ያለ አንድ ስስ ንጣፍ ይመርጥና ከዚያ የሚመጣውን ብርሃን ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚመዘግበው የካሜራ ክፍል) ላይ ነጥብ በነጥብ ይሰበስባል። ከንጣፉ ወዲህም ሆነ ወዲያ ያለ ነጥብ ተዘርግቶ ክብ ይሆናል፤ ከንጣፉ በራቀ መጠን ክቡ ይሰፋል። እጃችሁ መንቀጥቀጡ፣ ሰውየው መራመዱ፣ ሹተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) መዘግየቱ ፎከስን አይመለከተውም።

ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቃተውን ሰው አስቡ። ዓይኑ ቅርብ የማያይ ከሆነ መፍትሔው መነጽር ነው። ዓይኑ ደህና ሆኖ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን መነጽር ምን ያደርግለታል? ክርኑን ጉልበቱ ላይ ማሳረፍ ይሻለዋል። ዓይኑም እጁም ደህና ሆኖ መርፌውን የያዘለት ልጅ የሚቁነጠነጥ ከሆነስ? ልጁ ጸጥ የሚልባትን ቅጽበት ጠብቆ ፈጠን ማለት ብቻ ነው። ሦስቱም ላይ ክሩ አልገባም፤ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። በፎቶም እንዲሁ ነው፦ የፎከስ ስህተት፣ የካሜራ መንቀጥቀጥ፣ የሚነሣው ሰው እንቅስቃሴ።

የትኛው እንደሆነ ፎቶው ራሱ ይናገራል። 100 በመቶ አስፍታችሁ መጀመሪያ ጥርት ያለ ቦታ ፈልጉ። ዓይኑ ብዥ ብሎ ጆሮው ወይም ከኋላው ያለው ግድግዳ ጥርት ካለ ፎከሱ ዓይኑን አልፎ ሄዷል፤ እዚህ ላይ «ፎከሱ ሄዷል» ማለት ትክክል ነው። ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተላሰ ከመሰለ እጃችሁ ነው። ግድግዳው ጥርት ብሎ የሰውየው እጅ ብቻ ከተላሰ ሰውየው ተንቀሳቅሷል። ሻማ፣ አምፖል ወይም ዓይን ውስጥ የምታበራ ነጥብ ካለች ደግሞ ሥራው ይቀላል፦ ነጥቧ ወደ ክብ ከሰፋች ፎከስ ነው፤ ወደ መስመር ወይም ወደ ጭረት ከተሳበች እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱ በአንድ ፎቶ ላይ ሊደራረቡም ይችላሉ።

እውነተኛው የፎከስ ስህተት በብዛት የሚገኘው አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ፤ ኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) በጣም ተከፍቶ ከቅርብ ሲነሣ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚገዛውን ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ እንውሰድ። ክሮፕ ሴንሰር (ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ባለው ካሜራ፣ ከ1 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በኤፍ 4 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በኤፍ 1.8 ሆናችሁ 1 ሜትር ወደ ኋላ ብትሉ ግን ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናልና። (እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት መካከለኛ መጠን ላለው ኅትመት ነው። ስክሪን ላይ 100 በመቶ አስፍቶ ለሚመረምር ሰው ከዚህም ይጠባሉ።)

ስለዚህ የፎከስ ነጥቡን ካሜራው እንዲመርጥ አትተዉለት፤ አንድ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ ለካሜራው ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ አሳርፉት። ዓይን የሚለይ ካሜራ ካላችሁ ያን አብሩት። መሐል ላይ ፎከስ ይዞ ከዚያ ካሜራውን ማዞር የቆየ ልማድ ነው፤ በኤፍ 8 አይጎዳም። በኤፍ 1.8 ከ1 ሜትር ላይ ግን 12 ዲግሪ ያህል ብታዞሩት ንጣፉ ከዓይኑ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ያልፋል፤ የነበራችሁ ደግሞ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይኑ አንቀሳቅሱት።

ሁለተኛው ምክንያት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። የቆየው መለኪያ ዛሬም ይሠራል፦ የሹተሩ ፍጥነት (1/80 ማለት የሴኮንድ 80ኛ ነው) ከሌንሱ ርዝመት፣ ማለትም ሌንሱ ላይ ከተጻፈው ሚሊሜትር፣ በታች አይውረድ። በክሮፕ ካሜራ ላይ ርዝመቱን በ1.5 አባዙ፤ ካነን ከሆነ በ1.6። 50 ሚሊሜትር ሲሆን 1/80፣ 200 ሚሊሜትር ሲሆን 1/320 ማለት ነው። መለኪያው የመጣው ከፊልም ዘመን ስለሆነ፣ 24 ሜጋፒክስልና ከዚያ በላይ ባለው ሴንሰር ላይ አስፍቶ ለሚያይ ሰው እጥፉን መያዝ ይሻላል። ክርን ከጎን ጋር ይጣበቅ፤ ግራ እጅ ሌንሱን ከሥር ይሸከም፤ የሹተሩ ቁልፍ ይጫን እንጂ አይመታ። በዝግታ ፍጥነት ሦስት አራት ፍሬም በተከታታይ አንሡ፤ የመጀመሪያው ጣታችሁ ያናወጠው ስለሚሆን መካከለኞቹ ብዙ ጊዜ ይሻላሉ።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ስትሆኑ ደግሞ የ2 ሴኮንድ ታይመር ተጠቀሙ። መስታወት ያለው ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ከሆነ ላይቭ ቪው ላይ፣ ማለትም በኋላው ስክሪን እያያችሁ በምታነሡበት ሁኔታ ላይ፣ አድርጉት፤ መስታወቱ ሲነሣ የሚያመጣው ንዝረት ከ1/60 እስከ ግማሽ ሴኮንድ ባለው ፍጥነት ላይ በግልጽ ይታያል። ከሌንሱ ጋር የተሠራው ስታቢላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ክፍል) አሮጌ ከሆነ ትራይፖድ ላይ አጥፉት፤ የሌለ መንቀጥቀጥ ሲፈልግ ራሱ ያናውጣል።

አሁን በጣም ወደሚያከራክረው ልምጣ። «ካሜራዬ ስታቢላይዘር አለው፣ በ1/30 አነሣለሁ፤ ሰዎቹ ብዥ ካሉ ፎከሱ ነው እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም» የሚል አለ። ይችላል። ስታቢላይዘር ክርኑን ያሳረፈለት ሰው ነው እንጂ የልጁን እጅ አይዝለትም። ቁጥሩ ይፍረድ፦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው በ1/30 ሴኮንድ ውስጥ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አትሌት በ1/60 ሴኮንድ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በ1/1000 ግን ከ6 ሚሊሜትር በታች ነው የሚጓዘው። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ስታቢላይዘር ይህን አይቀይረውም።

ቁጭ ብሎ ለሚነሣ ሰው 1/125፣ ለሚያወራና ለሚስቅ 1/250፣ ለሚራመድ 1/250 ወይም 1/500፣ ለሚሮጥ 1/1000 ያዙ። በፊታችሁ አቋርጦ የሚያልፍ ሰው ወደ እናንተ ከሚመጣው የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ወደ እናንተ የሚመጣው በሹተሩ በኩል ይቀላል፤ ርቀቱ ግን በየቅጽበቱ ስለሚቀየር የሚያስቸግረው በፎከስ በኩል ነው። ለእሱ የማያቋርጥ ፎከስ ያስፈልጋል፤ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ፣ መስታወት ባላቸው ካነኖች ላይ ኤአይ ሰርቮ ይባላል። እስክስታ ደግሞ ለብቻው ነው። ትከሻ አቅጣጫ የሚቀይርባት ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፤ ምቱን ሰምቶ እዚያች ጫፍ ላይ የሚጫን ሰው በ1/500 ጥርት ያለ ትከሻ ያገኛል። መሐል ላይ የጫነ በ1/1000ም ላይሳካለት ይችላል። ያ መርፌ የያዘ ልጅ ጸጥ የሚልባት ቅጽበት ይህች ናት።

ሹተሩን ሲያፈጥኑ ብርሃን ያንሳል። ክር የሚያስገባ ሰው መስኮት ዳር እንደሚወጣው እናንተም የሚነሣውን ሰው ወደ መስኮት ወይም ወደ በር አውጡት። ካልተቻለ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ጨምሩ። ጥር 10 ከተራ ዕለት አመሻሽ ላይ ድባቡ እየተወዛወዘ ሲያልፍ ኤፍ 2.8፣ 1/250፣ አይኤስኦ 3200 ወይም 6400 ይያዝ። ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) ይኖረዋል፤ ኖይዝ ይቀነሳል፣ የተላሰ ፊት ግን አይመለስም። አይኤስኦ 400 ላይ ሙጭጭ ብሎ በ1/20 ማንሣት ፎቶውን እያወቁ መጣል ነው። አውቶ አይኤስኦ ያለው ካሜራ ላይ ዝቅተኛውን ፍጥነት 1/250፣ ከፍተኛውን አይኤስኦ 6400 አድርጎ መተው ለበዓልና ለሠርግ ይበቃል።

ስልክ ላይ «ፎከሱ ሄዷል» የሚለው ፍርድ ከሁሉም የበለጠ ይስታል። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ዋናው ካሜራ ከ1 ሜትር ላይ ሲያነሣ ጥርት የሚለው ውፍረት በአብዛኛው ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ቤት ውስጥ የተነሣ የስልክ ፎቶ ብዥ ካለ መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቀጥሎ ብርሃን ጨምሩ። ነገሩ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ካልቀረበ በቀር ፎከስን አትጠርጥሩ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። በቪው ፋይንደሩ (ዓይን በሚጠጋበት የካሜራው ማያ) ስታዩ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ራሱ ብዥ ካለባችሁ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ጽሑፉ እስኪጠራ አዙሯት። ለዓይናችሁ ብቻ ናት፤ ፎቶውን አትነካም። በእጅ ፎከስ ለሚያደርግ ሰው ግን ያለ እሷ አይሆንም። በቀትር፣ ትኩስ መሬት ላይ፣ በ300 ሚሊሜትር ከሩቅ ስታነሡ ደግሞ የሚርገበገበው አየር ራሱ ያደበዝዛል፤ ወይ ቅረቡ ወይ በማለዳ ተመለሱ።

ሌንሱን ለመክሰስ ፈተና አለው። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ካሜራውን ትይዩ አድርጋችሁ ትራይፖድ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ በኤፍ 5.6 በታይመር አንሡ። ከዚያ በእጃችሁ ይዛችሁ በ1/30፣ በ1/125ና በ1/500 ድገሙት። የጠረጴዛው ጥርት ብሎ የእጁ ከደበዘዘ መልሱ ታውቋል። የጠረጴዛውም ከደበዘዘ በላይቭ ቪው አስፍታችሁ በእጅ ፎከስ አድርጉና እንደገና አንሡ። አሁን ከጠራ ሌንሱ ደህና ነው፤ የሳተው የመስታወት ካሜራው ራስ-ሰር ፎከስ ስለሆነ፣ ማስተካከያ ሜኑ ካለው እዚያ ይስተካከላል። በእጅ ተደርጎም፣ በኤፍ 5.6፣ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መሐሉ ካልጠራ፣ ያኔ ሌንሱ ይቀየር።