ጊት ባይሴክት ምንድን ነው?

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስልክ ተደወለልን። የደወሉት እኛ የሠራነውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሰላምታቸውን እንደጨረሱ «ልጆቼ፣ ጳጉሜን 6ን የት አደረሳችኋት?» አሉ። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን አላት። ፕሮግራሙ ግን ከጳጉሜን 5 ተነሥቶ መስከረም 1 ላይ ዘሎ ይገባል። ወለድ በቀን የሚታሰብ በመሆኑ ዓመት በሚሻገረው ብድር ሁሉ ላይ የአንድ ቀን ሂሳብ ይጎድላል።

ግራ ያጋባን ሌላ ነገር ነው። ጥር ላይ ፕሮግራሙን ስናስረክብ ይህችኑ ቀን በእጃችን ሞክረናት ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንዳችን አንድ ነገር ነክተናል ማለት ነው። አራት ሰዎች ሆነን በሰባት ወር ውስጥ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ 412 ጊዜ ቀይረነዋል። ታዲያ ከ412ቱ የትኛው ነው?

ባይሴክት የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው።

ጊት ቡድን በጋራ የሚጽፈው ኮድ የሚጠበቅበት መዝገብ ነው። አንድ ሰው ለውጡን በመዝገቡ ላይ ሲያሰፍር ኮሚት አደረገ ይባላል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ አብሮ ይጻፋል፤ በፊደላትና በአሃዞች የተሠራ ረጅም መለያም ይሰጠዋል። በዚያ መለያ ከጠሩት ኮዱ የዚያን ዕለት መልኩን ይይዛል። ባይሴክት ይህን ወደ ኋላ መመለስ ከፍተሻ ጋር ያጣምረዋል። በእኛ ቋንቋ «መግመስ» ብንለው ያምርበታል፤ መሃል ላይ ይከፍላል፣ ጤነኛውን ግማሽ ይተዋል፣ የቀረውን ደግሞ ይገምሳል።

ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ውኃ የጠፋበት ቤት ሲጠራ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቆፍርም። መሃል ላይ ይከፍተዋል። ውኃ ካለ ጉዳቱ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከሌለ ከዚያ ወዲያ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሒሳቡ ግን ያስገርማል። 412 ኮሚት ቢበዛ ዘጠኝ ሙከራ ይበቃዋል። አንድ ሺህ ቢሆን ዐሥር፣ አንድ ሚሊዮን ቢሆን ደግሞ ሃያ ገደማ ነው።

እኛም ተቀመጥን። «ጊት ባይሴክት ስታርት» ብለን ጀመርን፤ የዛሬውን ኮድ «ባድ» (ብልሹ)፣ የጥር ወሩን «ጉድ» (ጤነኛ) አልነው። ጊት ወዲያው መሃል ላይ ወዳለው ኮሚት ወሰደን። እዚያ የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከነሐሴ 30 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ስንት ቀን አለ? ትክክለኛው መልስ 7 ነው፤ የተበላሸው 6 ይላል። የመጀመሪያው ሙከራ 7 አለ፤ «ጉድ» ብለን አለፍን፤ 206 ኮሚቶች ከተጠርጣሪነት ወጡ። ሁለተኛው 6 አለ፤ «ባድ»። 103 ቀሩ። ከዚያ 52፣ 26፣ 13 እያለ ወረደ። ዘጠነኛው ላይ የአንድ ኮሚት መለያ ጻፈና «የመጀመሪያው ብልሹ ይህ ነው» አለን። ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ እንኳን አልወሰደም።

ኮሚቱን ከፈትነው። የተለወጠችው አንዲት መስመር ናት። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ 2015ም እንዲሁ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ቀሪው 3» የሚለውን አይቶ የተሳሳተ መስሎት በ0 ተክቶታል። የፈረንጆቹ የካቲት በአብዛኛው የሚረዝመው ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ነዋ! በቅን ልቦና የተሠራ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ በንባብ ብቻ ለማግኘት ከባድ ነው፤ የሚያነበውም ሰው «ልክ ነው» ብሎ ስለሚያልፈው።

ጥገናው ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ይህን ያህል የቀለለልን ግን ኮሚቱ ትንሽ ስለነበረ ነው። በዚያው ሰሞን የገባ ሌላ ኮሚት ነበር፤ «ልዩ ልዩ ማስተካከያዎች» የሚል ርእስ ተሰጥቶት ሠላሳ ፋይል የነካ። ጳጉሜን እዚያ ውስጥ ተቀብራ ቢሆን ኖሮ ባይሴክት ያችኑ ጆንያ ጠቁሞን ይቆም ነበር፤ ጆንያውን መበርበር የእኛ ዕዳ ነው። «ኮሚት ስታደርጉ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ» የሚለው የድሮ ምክር የሥርዓት አባዜ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለሚገመስ መዝገብ የሚከፈል ዋጋ አድርጌ አየዋለሁ።

ሌላው ጠንቅ ወላዋይ ሙከራ ነው። አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ፣ በኔትወርክ ፍጥነት ወይም በሰዓት ላይ የተመሠረተ ፍተሻ ለባይሴክት መርዝ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጉድ» የሚባለውን «ባድ» ካላችሁት ፍለጋው ወደ ተሳሳተው ግማሽ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጡት እውነተኛ መልስ ሁሉ ንጹሑን ሰው ከመወንጀል አያድነውም። እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመኝ በየደረጃው አምስት ስድስት ጊዜ እሞክራለሁ። መሳሳታችሁን ዘግይታችሁ ካወቃችሁም እንደገና መጀመር የለባችሁም፤ «ባይሴክት ሎግ» እስካሁን የሰጣችሁትን መልስ ይዘረዝርላችኋል፣ የተሳሳተውን አርማችሁ በ«ሪፕሌይ» ታስቀጥሉታላችሁ። ጨርሶ የማይነሣ ኮሚት ላይ ካረፋችሁ ደግሞ አትገምቱ፤ «ስኪፕ» ብላችሁ እለፉት።

ፍተሻው ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያስኬደው አጭር ፕሮግራም ሆኖ ከተጻፈ እናንተ መቀመጥም አያስፈልጋችሁ። «ባይሴክት ራን» የሚለው ትእዛዝ ስክሪፕቱን በየደረጃው እያስኬደ የመውጫ ቁጥሩን፣ ማለትም ስክሪፕቱ ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር ያነባል። 0 ጤነኛ ነው፤ ከ1 እስከ 127 ያለው ብልሹ ነው፤ 125 ብቻ «ይህን መፈተን አልቻልኩም» ማለት ነው። ለምን 125? 126 እና 127ን የትእዛዝ መስመሩ ራሱ ለሌላ ጉዳይ ይዟቸዋል። እኛ የጳጉሜኗን ፍተሻ በእጅ ስላደረግናት ዘጠኝ ጊዜ ጻፍን። በማግስቱ ግን ቋሚ ፍተሻ ሆና ገብታለች፤ ማንም ኮሚት ባደረገ ቁጥር ትጠየቃለች።

ጊትን የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓቱ፣ ሥራ ጀመረው፤ ባይሴክትም በዚያው ዓመት ተጨመረ። ለምን እንደቸኮሉ ይገባኛል። በአንድ የሊኑክስ እትም ውስጥ ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ኮሚት ይገባል። የአንድ ተጠቃሚ ድምፅ ማጫወቻ በአዲሱ እትም ሥራ ቢያቆም የትኛው ባለሙያ ይመልከተው? በባይሴክት ግን ያ ተጠቃሚ የኮዱን አንድ መስመር ባያነብም፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም አጠናቅሮ «ድምፅ አለ» ወይም «የለም» ማለት ከቻለ በዐሥራ አራት ሙከራ ገደማ ጥፋተኛውን ለባለሙያው ያደርስለታል። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ጥገና የጥፋተኛውን ኮሚት መለያ የመጀመሪያ 12 ምልክቶች በማብራሪያው ውስጥ ይጠቅሳል፤ ስም ለማጥፋት ሳይሆን፣ ያንን ብልሹ ለውጥ ወደ ቆዩ እትሞች የወሰዱ ሁሉ ጥገናውንም እንዲወስዱ ነው።

ስትጨርሱ «ጊት ባይሴክት ሪሴት» ማለትን አትርሱ፤ ኮዱን ወደ ዛሬው ይመልሰዋል። ፍለጋውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያካሄደው ባልደረባችን ረስቶት ኖሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ቡናውን ይዞ ሲቀመጥ የግንቦትና የሰኔ ሥራው በሙሉ ከፊቱ የለም። ፊቱ ሲቀላ አይቼ ነው ትእዛዙ ትዝ ያለኝ።