«ቶድሪ»፦ ከቅድስት ስም ወደ ርካሽ ብልጭልጭ

እንግሊዞች ቶድሪ የሚሉት ዓይን እንዲስብ የተብለጨለጨ፣ ግን ርካሽና ለዛ ቢስ ነገርን ነው። ወርቅ የተቀባ አርቲፊሻል ሐብል ቶድሪ ነው። ስለ ሰው ሥራ ሲነገር ቃሉ ይከብዳል፤ ወራዳ ቅሌት፣ በገንዘብና በድብቅ ግንኙነት የተጨማለቀ ጉዳይም ቶድሪ ይባላል።

መነሻው ግን የቅድስት ስም ነው። ኤተልድሬዳ በጥንቷ እንግሊዝ የነበረው የምሥራቅ አንግሊያ ግዛት ንጉሥ የአና ልጅ ነበረች (አና እዚህ የወንድ ስም ነው)። ሁለት ጊዜ ተድራ በድንግልና ኖረች፤ መንና እ.ኤ.አ. በ673 ኢሊ ላይ፣ በዛሬው ካምብሪጅሻየር፣ ገዳም መሠረተች። በ679 ያረፈችው አንገቷ ላይ ትልቅ እብጠት ወጥቶባት ነው። መነኩሴው ቢድ በ731 ገደማ ባጠናቀቀው ታሪክ እንደጻፈው፣ በልጅነቷ አንገቷን ላከበደው ጌጥ ማስተስረያ ነው ብላ ሕመሙን በደስታ ተቀበለችው። ሐኪሙ ኪኔፍሪት እብጠቱን በጥቶት ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ አስከሬኗ ሲፈልስ ሰፊው ቁስል ሽሮ ቀጭን ጠባሳ ብቻ ማየቱን ራሱ መስክሯል።

ሕዝቡ ስሟን አሳጥሮ ኦድሪ አላት። ኦክቶበር 17 በሚውለው በዓሏ ኢሊ ላይ ገበያ ይቆም ነበር፤ እዚያም «የሴንት ኦድሪ ሌስ» ይሸጥ ነበር (ሴንት ቅዱስ ወይም ቅድስት ማለት ነው)። ሌስ ዛሬ ዳንቴል ነው፤ ያኔ ግን ማሰሪያ ማለት ነበር። ዕቃው እንደኛ ማተብ አንገት ላይ የሚታሰር የሐር ጥብጣብ ነው። ቶሎ ሲጠራ የሴንት «ት» ከቀጣዩ «ኦ» ጋር ተጣበቀችና «ሴን ቶድሪ» ሆነ። የለንደኑ ቱሊ ጎዳናም ስሙን ከሴንት ኦላቭ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን ስሙ የገበያ ብልጭልጭ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ጥብጣቡ ሲረክስ ስሙም አብሮ ረከሰ። ጌጥን የተጸየፈች ሴት ስም እዚህ ላይ መውደቁ ያሳዝናል።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት ርካሽ የሆነውን ሁሉ ቶድሪ ሲሉ ነው። ያለ ጌጥ የተሠራ ተራ የሸክላ ድስት ርካሽ ቢሆንም ቶድሪ አይባልም፤ ብልጭልጩ ከሌለ ቃሉ ቦታ የለውም። ጭቅቅት ለበዛበት ቤት ደግሞ ስኳሊድ ይሻላል፤ ከላቲኑ «ቆሻሻ» የመጣው ሶርዲድ በበኩሉ በብዛት የሚነገረው ለነውረኛ ድርጊት ነው።