ቆጣሪው አይሮጥም

የመብራት ቆጣሪ ልቀይር ገጠር በወጣሁ ቁጥር ያው ወሬ ቀድሞኝ ይደርሳል። «ይሄ አዲሱ አውቶማቲክ ቆጣሪ ይሮጣል፣ ከተጠቀሙት በላይ ይቆጥራል አሉ።» ማን አለ? «ሰው ነዋ!» ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ቆጣሪ ተከሶ፣ ተፈርዶበት ይጠብቀኛል። በየግቢው ከምከራከር ልጻፈውና ልረፍ።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ራሱ ቆጣሪው መብራት ይበላል።» ይበላል፣ ከአንዲት ትንሽ አምፖል ያነሰ። እሱም የሚወስደው ከመቁጠሪያው በፊት ስለሆነ በእናንተ ላይ አይቆጠርም።

«ኔትወርክ ሲጠፋ አይቆጥርም።» ይቆጥራል። ኔትወርክ የሚፈልገው ንባቡን ለመላክ ብቻ ነው፤ እስኪመለስ መዝግቦ ይይዘዋል።

«ማግኔት ቢለጥፉበት ይዘገያል።» አብዛኞቹ አዳዲስ ቆጣሪዎች ማግኔት ሲጠጋቸው ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘግባሉ። ማግኔቱን ያዋሳችሁ ጎረቤት ቅጣቱን አያዋጣም።

«ቤታችንን ይሰልላል።» ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ ያውቃል። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ይሁን ቂጣ አያውቅም።

አሁን ወደ «ይሮጣል» እንምጣ።

አሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ሲያረጅ ይጎትታል። አንዲት አምፖል ብቻ ስትበራ ጭራሽ ላይዞርም ይችላል። ቆጣሪ አንባቢውም ራቅ ያለ ቀበሌ በየወሩ ስለማይዘልቅ ሂሳቡ በግምት ይመጣል። በዚህ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲስተካከል ተወስኗል፤ ማስተካከል ማለት መጨመር ነው መቼም። አዲሱ ቆጣሪ መሃል ላይ መጣና የሁሉንም ዕዳ ተሸከመ።

ካላመናችሁ ፈትሹት። ፊቱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። አጠገቡ 1600 የሚል ከተጻፈ፣ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ሁሉንም አጥፉና ባለ 100 ዋት አምፖል ብቻ አብሩ። በየ22 ሰከንዱ ገደማ አንዴ ብልጭ ካለች ቆጣሪው ጤነኛ ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ስታበሩ ደግሞ በሰከንድ ከአንዴ በላይ ትላለች። አዎ፣ ያን ጊዜ ይሮጣል። የሚያሮጠው ግን ምጣዱ ነው።

ዳንግላ አካባቢ አንድ አባት «ልጄ፣ ይኸው እየሮጠ አይደል?» ብለው ያዙኝ። «አባባ፣ እስቲ ብሬከሩን ላጥፋው» አልኳቸው። አጠፋሁት። ቤቱ ጨለመ፣ ቀይዋ ግን ብልጭ ብልጭ ማለቷን አልተወችም። «አየህ!» አሉ በድል። በቆጣሪውና በብሬከሩ መሃል አንድ ሽቦ ተቀጥሏል። ተከተልኩት። በጓሮ ወጥቶ፣ በዱባው ሐረግ ስር አልፎ፣ አጥሩን ተሻግሮ አንድ ማድ ቤት ገባ። ምጣዱ ግሏል፣ እንጀራ ይጋገራል። አባባን ዞሬ ሳያቸው «እሱማ የልጄ ቤት ነው» አሉኝ፣ የልጅ ቤት የማይቆጠር ይመስል።

መብራት ለሌለው ዘመድ ሽቦ መቀጠል ያባት ነው፣ አልፈርድም። ግን ታሪፉ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ዝቅተኛው ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ነው። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሰለፍ ሦስቱም ያንን ዋጋ ያጡና ከባዱን እርከን አብረው ይከፍላሉ። ልጅዎ የራሱን ቆጣሪ ያመልክት። ወረፋ አለው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያመልክት።

እስከዚያ የጓሮውን ሽቦ አስፈትሹ። ልባሱ ተልጦ እርጥብ ጭቃ ግድግዳ የነካ ሽቦ ሌት ተቀን ያስቆጥራል፤ ከብሩ በላይ ሰውም ይገድላል።

ቀያሪው ሲመጣ ደግሞ ቡና ከማፍላታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። የአሮጌውን የመጨረሻ ንባብና የአዲሱን መነሻ ቁጥር ከነቆጣሪ ቁጥራቸው ፎቶ አንሱ፣ ቅጹ ላይ የተጻፈውም ያው መሆኑን አይታችሁ ፈርሙ። ከሁለት ወር በኋላ «የአሮጌው ንባብ ልክ አልነበረም» ብትሉ፣ አሮጌው መጋዘን ገብቷል።