ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ስለሚያሳድጉ ወላጆች፦ የሚባለውና ጥናት ያሳየው

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የልጁን መግባባት፣ ንግግርና ጠባይ የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እናትየው ስላላቀፈችው፣ ስላላጫወተችው ነው»

ይህ የጎረቤት ሐሜት ብቻ አልነበረም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሐኪሞች የኦቲዝምን ጥፋት በ«ቀዝቃዛ እናቶች» ላይ ያላክኩ ነበር። ሐሳቡን ካናጉት ሥራዎች አንዱ በ1977 የታተመው የሱዛን ፎልስታይንና የማይክል ረተር የመንትዮች ጥናት ነው። ጥናቱ 21 ጥንድ መንትዮችን አካቷል። ከአንድ ዕንቁላል ከተፈጠሩት (በዘር አንድ ዓይነት ከሆኑት) 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፣ ከሁለት ዕንቁላል ከተፈጠሩት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ አልሆነም። በሁለቱም ዓይነት፣ እያንዳንዱን ጥንድ ያሳደገችው አንድ እናት ናት፤ አስተዳደግ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በኋላ የተሠሩ ሰፋፊ ጥናቶችም የዘር ውርስ ድርሻው ከፍተኛ መሆኑን አጽንተዋል።

ዛሬ ያው ክስ «ስልክ ስለሰጠችው ነው» በሚል ተመልሷል። ስልክ መቀነስ ለእንቅልፍም ለጨዋታም ይጠቅማል፤ ኦቲዝሙን ግን አላመጣውም፣ አይወስደውምም። ዝም ብሎ ብቻውን የሚጫወት ልጅ እናት ቀስ በቀስ ማናገሯን ትቀንስ ይሆናል። ጠያቂ ዘመድ የሚያየው ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱ ይመስለዋል።

«እርግማን ነው የሚለው ያልተማረ ሰው ነው፤ የተማረው አያፍርም»

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱ በ2016 ታትሟል። ምክንያቱ መንፈስ ነው ያሉት 40.2 በመቶ፣ ኃጢአት ያሉት 27.5 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳት ያሉት 30.4 በመቶ፣ የወሊድ ችግር ያሉት 25.5 በመቶ ናቸው። ድምሩ ከመቶ የሚያልፈው አንዱ ወላጅ ሁለትና ሦስቱን ባንድ ላይ ስለሚያምን ነው። ወደ ክሊኒክ የመጣ ሰው ጸበሉን ትቶ አይደለም የመጣው።

በልጃቸው ሁኔታ እናፍራለን ያሉት 45.1 በመቶ፣ ለመደበቅ የሞከሩት 26.7 በመቶ ነበሩ። የመገለሉ መጠን በወላጁ የትምህርት ደረጃ አልተለያየም፤ ዲግሪ ከሰው ዓይን አያድንም ማለት ነው። «የጎደለህ ምንድን ነው?» ሲባሉ 74.5 በመቶው ትምህርት ቤት አሉ። ሕክምና ያሉት 47.1 በመቶ ናቸው።

ልጃቸውን ጸበል ለሚወስዱ አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። መድኃኒቱ «ጸበል እስክንጨርስ» ተብሎ በድንገት ሲቋረጥ አልቆም የሚል፣ ሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፤ ሰዓቱም አይዛነፍ።

«ትዳር ያፈርሳል፤ ከመቶ 80ው ይፋታል»

ይህ ቁጥር መሠረት የለውም። አሜሪካ ውስጥ ወደ 78,000 የሚጠጉ ልጆችን መረጃ ያየ የ2012 ጥናት፣ ከሁለቱም ወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች 64 በመቶ፣ ከሌሎቹ 65 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። የፍቺ መጠኑ ከፍ ብሎ ያገኘ ሌላ ጥናትም አለ፤ እሱም ቢሆን ወደ 80 አይጠጋም።

«ሥራው የባለሙያ ነው፤ ወላጅ ምን ያውቃል»

ብዙ ጉዳት ያደረሰው የተሳሳተ ሐሳብ ይህ ይመስለናል፤ ወላጁን ቁጭ ብሎ ወረፋ እንዲጠብቅ ያደርገዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው። ስፔሻሊስት ያልሆነ፣ ለዚሁ የሠለጠነ ሰውም ሊመራው ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። እንግሊዝ ውስጥ በ152 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ሕፃኑን ሳይሆን ወላጁን አሠለጠነ። ወላጆቹ ቤት ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተለማመዱ፤ ከ6 ዓመት ገደማ በኋላ ሲታይ የልጆቹ ምልክቶች ወላጆቻቸው ካልሠለጠኑት ልጆች ቀለል ብለው ተገኙ። ለውጡ መጠነኛ ነው፤ ፈውስ ነው የሚል ካለ አትስሙት።

ልምምዱ ይህን ይመስላል። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ወለል ላይ፣ ከልጁ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን በሚያገናኝ ከፍታ ትቀመጣላችሁ። ቆርኪ ወደ ጣሳ የሚጥል ከሆነ ሌላ መጫወቻ አታምጡ፤ ቆርኪ አቀብሉት (ዕቃ አፉ ውስጥ የሚከት ከሆነ በትልልቅ ክዳን ተኩት)። በጣለ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ፦ «ጣል»። አራት አምስት ጊዜ ከሆነ በኋላ ቀጣዩን ይዛችሁ ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ቀና ካለ፣ እጁን ከዘረጋ ወይም ድምፅ ካወጣ፣ ያ ንግግር ነውና ወዲያው ስጡት። ልምምዱን የሚያበላሸው ጥያቄ ማብዛት ነው። «ይሄ ምንድን ነው? ስንት ነው? ቆርኪ በል!» ሲባል ጨዋታው ፈተና ይሆንበትና ልጁ ተነስቶ ይሄዳል።

«በሥዕል መጠየቅ ከለመደ አፉን አይፈታም»

በሥዕል መጠየቅ ማለት ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል ሰጥቶ መጠየቅ ነው። ጥናቶች ይህ ንግግርን እንደሚያግድ አላሳዩም፤ አንዳንድ ልጆች እንዲያውም ሥዕሉን እየሰጡ ቃሉን ይጀምራሉ። በጣም በሚወደው አንድ ነገር፣ ለምሳሌ በሙዝ ሥዕል፣ ጀምሩ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሙዙን ይዞ ፊት ለፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ የልጁን እጅ እየመራ። ሥዕሉን እንደሰጠ ሙዙ ይሰጠዋል። ሥዕሎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጡ ግን ነገሩ እዚያው ይቀራል።

«ውጭ አገር ከሆናችሁ አማርኛውን ተዉት፤ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል»

ይህን ምክር ከባለሙያ ጭምር የሰሙ ወላጆች አሉ። ሞንትሪያል ውስጥ 75 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ተነጻጽረው፣ ሁለት ቋንቋ እየሰሙ ያደጉት ተጨማሪ የቋንቋ መዘግየት አልታየባቸውም። አማርኛው ሲቀር ወላጁ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አጭር ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ማጫወቱና ማባበሉ ይጠፋል፤ አያት ደግሞ ጭራሽ ከወሬው ትወጣለች።

«የወላጁ ድካም ከኦቲዝሙ ነው፤ ምን ይደረጋል»

ወላጅን ይበልጥ የሚያደክመው የልጁ አለመናገር ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን መምታትና ኃይለኛ ቁጣ መሆኑን ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። እነዚህ ደግሞ መፍትሔ ሊፈለግላቸው የሚችሉ ናቸው። ለሁለት ሳምንት ልጁ የተኛበትን፣ የነቃበትንና የተቆጣበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ነገር መዝግቡ። መናገር የማይችል ልጅ በድንገት ራሱን መምታት ከጀመረ ጠባይ ነው ከማለት በፊት ጥርሱ፣ ጆሮውና የሆድ ድርቀቱ ይታይ፤ መዝገቡንም ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ።