በአዋጅ ነጻ ወጥተው መልሰው የተያዙት

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሕግ የሰውን ጠባይ ይለውጣል ወይ? ብዙዎቻችን «አይለውጥም፣ የሚለውጠው ጸጋ ነው» ብለን እናልፋለን። መልሱ ልክ ነው። ግን ቶሎ ስለምንመልሰው እኛን ሳይነካን ያልፋል። እስቲ ዛሬ ኤርምያስ ምዕራፍ 34ን እንክፈት። ብዙም የማይሰበክበት ክፍል ነው።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባለች። ንጉሡ ሴዴቅያስ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን አደረገ። ዕብራዊ ባሪያ ያለው ሁሉ ነጻ እንዲያወጣ ታወጀ። ሕጉ አዲስ አልነበረም። ዕብራዊ ባሪያ ስድስት ዓመት አገልግሎ በሰባተኛው እንዲወጣ ሙሴ ድሮ አዝዟል። ዘዳግም 15 ደግሞ ባዶ እጁን አትስደደው ይላል፤ ከመንጋህ፣ ከአውድማህ፣ ከወይን መጥመቂያህ ስጠው። አባቶቻቸው ይህን አልሰሙም። አሁን ግን ጠላት በር ላይ ቆሟል። አለቆቹ፣ ካህናቱ፣ የአገሩ ሕዝብ ጥጃ ለሁለት ቆርጠው በቁራጮቹ መካከል አለፉ። ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ ጥጃ ልሁን የሚያሰኝ ከባድ መሐላ ነው። ባሪያዎቹም ተለቀቁ።

ከዚያ የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ መውጣቱ ተሰማ። ባቢሎናውያን ከበባውን ትተው ሄዱ። ከተማው እፎይ አለ። ጌቶቹም የለቀቋቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው።

እስቲ ከእነዚያ ሴቶች አንዷን አስቧት። ትናንት «ሂጂ፣ ነጻ ነሽ» ተብላለች። ጨርቋን ጠቅልላ ወጥታለች። ዛሬ ያው ሰውዬ መጥቶ «ተመለሽ፣ ወፍጮው ይጠብቅሻል» ሲላት ምን ተሰማት? ያቺ ሴት ከዚህ በኋላ ጥጃ ተቆርጦ ቢማልላት ታምናለች?

አንድ ነገር ልብ በሉ። እግዚአብሔር የመጀመሪያውን ነጻ ማውጣት አልናቀውም። በቁጥር 15 ላይ በፊቴ ቅን ነገር አድርጋችሁ ነበር ይላቸዋል። በፍርሃትም ቢሆን ያደረጉት መልካም ነበር። ስለዚህ «ሕግ ልብን ስለማይቀይር አይረባም» የሚለውን አባባል እኔ አልቀበለውም። በጌታው እጅ ላለ ሰው የአንድ ቀን ነጻነትም ነጻነት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መታዘዛቸው ከከበባው ጋር መጣ፣ ከከበባው ጋር ሄደ። እግዚአብሔርም እናንተ ለወንድሞቻችሁ ነጻነት ስላላወጃችሁ፣ እኔ ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለረሃብ ነጻነት አውጅባችኋለሁ አላቸው።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አጼ ቴዎድሮስም አጼ ምኒልክም የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. በአጼ ኃይለ ሥላሴ አዋጅ ባርነት ጨርሶ ቀረ። በየዘመኑ መታወጁ ራሱ ይናገራል፤ የታወጀው ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ ደግሞ ማወጅ ባላስፈለገ። ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሰው በገበያ አይሸጥም። ይህን ያደረገው ሕግ ነው። ነገር ግን ለጋብቻ ሲመጣ አሁንም «አጥንቱ ምንድን ነው?» የሚባልበት ቦታ አለ። ያውም በአማኞች መካከል። እዚያ አዋጁ አልደረሰም።

እዚያ የሚደርሰው ምን እንደሆነ ኤርምያስ ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 31 ተናግሯል፤ «ሕጌን በልቡናቸው አኖራለሁ፥ በልባቸውም እጽፈዋለሁ»። ይህ በአንድ ቤት ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የፊልሞናን መልእክት አንብቡ። አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና የተለየ ባሪያ ነው። በጳውሎስ እጅ አመነ። ጳውሎስ ለማዘዝ ድፍረት ነበረው፤ እንደዚያ ይላል። ግን ለመነ። በጎነትህ በፈቃድህ እንጂ በግድ እንዳይሆን አለው። ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው፣ እኔን እንደምትቀበል አድርገህ። ዕዳ ካለበትም በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ።

እዚህ ላይ ወንጌሉን ታያላችሁ? ስለ እኛም «በእኔ ላይ ቁጠረው» ያለ ጌታ አለ። ዕዳው እንደተከፈለለት የሚያውቅ ሰው ሌላውን አንቆ መያዝ አይችልበትም። ጳውሎስ ደግሞ በልመና ብቻ አልተወውም። ደብዳቤውን በፊልሞና ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ጭምር ጻፈ። መጨረሻ ላይም ማደሪያ አዘጋጅልኝ አለ። ሊመጣ ነው። አናሲሞስ በዚያ ቤት እንዴት እንደተያዘ በዓይኑ ሊያይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በቤሩትና በሪያድ ስላሉ እህቶቻችን በእንባ እንጸልያለን። ፓስፖርታቸው ተቀምቶ፣ ዕረፍት ተነፍገው እንደሚሠሩ እናውቃለን። መልካም ነው፣ ጸሎቱ ይቀጥል። ግን በደላላ አስመጥተን እኛው ኩሽና ያስቀመጥናት ልጅስ? «እንደ ልጄ ነው የማያት» እንላለን። የምትበላው እኛ ከጠገብን በኋላ ነው። ብርጭቆዋ ለብቻ ነው። የጸሎት ኅብረቱ ቤታችን ሲሰበሰብ ቡናውን ታቀርብና ወደ ኩሽና ትመለሳለች። አንድም ሰው «ነይ ተቀመጪ» አይላትም። ስንት ወንድምና እህት እንዳሏት ብንጠየቅ አናውቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ለብቻው ደንብ እንደሚወጣ ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ጤናውና ክብሩ እንዲጠበቅ ያዛል። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስንቶቻችን ሰምተነዋል? እኔ የተሻለ ሕግ እንዲወጣ እፈልጋለሁ፣ መንግሥትንም እንጠይቅ። ክርስቲያን ግን ደንቡ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ሳምንት እንጀምር። ደመወዟ በቀኑ ይሰጣት፣ «እኔ ጋር ይጠራቀምልሽ» አይባል። ስልኳ እጇ ላይ ይሁን። የማታ ትምህርት ከፈለገች ሰዓቱን አመቻቹላት። በሳምንት አንድ ቀን ትረፍ፤ ሃይማኖቷ ከእኛ የተለየ ቢሆንም ቀኑ የራሷ ነው፣ ወደፈለገችበት ትሂድ። ራት ሲቀርብም አብራችሁ ቁረሱ። መጀመሪያ ላይ ታፍራለች፣ «በኋላ እበላለሁ» ትላለች። ደጋግማችሁ ጥሯት።